ነጯ ማን ናት?

ጥቅምት 3

ለእህቴ ለሚጡ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ዓይኔ ብቻ ትንሽ ደከም ብሎ ክሩ በመርፌው አልገባ ይለኛል። በስልክ ከጀመርን መጣላታችን አይቀርም፣ በደብዳቤ ይሁን ማለትሽን ወድጄዋለሁ። የአውቶቡሱ ሹፌር ደብዳቤሽን አድርሶልኛል። ከኮቱ ኪስ ስለቆየ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል እንጂ ፊደሉ አልጠፋም።

ልጁ በሰላም ስለገባ ተመስገን። "ልጃችን ደርሷል" ብለሽ ነው የጻፍሽው። ደጋግሜ አነበብኩት። ልጃችን። ክፉ እንዳላሰብሽ አውቃለሁ። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ የሰው ነገር የምትይዢው "የኛ" እያልሽ ነው። ቀይ ሹራቤንም እንደዚሁ ብለሽ ነበር የወሰድሽው። ልጄ ነው ሚጡ። ላንቺ የእህትሽ ልጅ ነው። አልተቆጣሁም፤ እንድታውቂው ብቻ ነው።

ለጠየቅሽኝ ልመልስ። እንቁላል ስትሰጪው አስኳሉ ይጠንክር፤ አለዚያ አይነካውም። ሰው ቆሞ ካየው አይበላም፤ ዞር በይለት።

ክኒን ወስዶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ ብለሻል። በዓይኑ ታውቂዋለሽ። ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ እንኳ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ ታክላለች። አፍንጫውን ያካል፣ ክንዱን ያካል። አፉ ስለሚደርቅ ምላሱ ይተሳሰራል። ቁጭ ባለበት አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቅና ስትጠሪው "እየሰማሁሽ ነው" ይላል። ከሁሉም በላይ ግን በደግነቱ ታውቂዋለሽ። ሲወስድ ደግ ነው። ግንባሬን ይስመኛል፣ ከስፌት መኪናው ሥር የክር ቁርጥራጭ ይለቅማል፣ "እማዬ አንቺ እኮ ደክሞሻል" ይለኛል። ባዕድ የሚሆነው ሳይወስድ ሲቀር ነው። ያን ጊዜ የሚያይሽ እንደ ተዘጋ በር ነው። ከሁለቱ የትኛውን ልጅ እንደምፈልግ ግራ የገባኝ ቀን ነበር። ይህን ለማንም አትንገሪ።

ክኒኑን ከየት ለመደው ላልሽው ደግሞ፣ ከጓደኞቹ ነው። አባቱ ሞቶ ልቡ ተሰብሮ ሳለ ያገኙት ጓደኞች ናቸው። ከዚያ በላይ አላውቅም።

ማሙሽ ብለሽ ጥሪው። በሌላ ስም ሲጠሩት አይወድም።

እትዬሽ


ኅዳር 6

እትዬ፣

በጣም ናፍቀሽኛል፤ እንዴት ነሽ? ከእንግዲህ "ልጅሽ" ብዬ እጽፋለሁ። የቀዩንም ሹራብ ነገር ይቅር በይኝ። ለነገሩ ያኔም ጠብቦኝ ነበር፤ ላንቺ ላለመመለስ ብዬ ነው ተጨንቄ የለበስኩት።

ይህን ያህል የቆየሁት እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንዴት አድርጌ ልጻፍልሽ? የምታክመው ሐኪም ቀድማ "ከባድ ጉንፋን የያዘው ይመስልሻል፣ ጉንፋን ግን አይደለም" ብላኝ ነበር። እውነቷን ነው። መንጋጋው እስኪወልቅ ያዛጋል። ዓይኑና አፍንጫው እንደ ተበላሸ ቧንቧ ይፈሳል። ቆዳው እንደ ተነጨች ዶሮ ሽፍ ይላል። ላብ ያጠምቀውና ወዲያው በብርድ ይንዘፈዘፋል። ሆዱ አልቆም አለ። እግሮቹ ያለ ፈቃዱ ይራገጣሉ፤ አንሶላ ቀዶብኛል፣ ያውም ልናጥበው የተሰጠንን የሆቴሉን። "አክስቴ፣ አጥንቴ ውስጥ ጉንዳን አለ" እያለ ሲያለቅስ እግሩን ጉያዬ ውስጥ ይዤለት አደርኩ። ደግሞ ሰደበኝ እትዬ! በሕይወቴ ሰምቼው የማላውቅ ስድብ ነው። አንዳንዱን ይዤዋለሁ፤ ለሳሙና ነጋዴው ይሆነኛል።

ሰውነቱ ተረጋጋ ስል ደግሞ ሌላው ተከተለ። ይቀመጣል፣ ግድግዳ ያያል። የሚጣፍጠው ነገር የለም፣ የሚያስቀው ነገር የለም። "ሁሉም ነገር ውሃ ውሃ ይላል" ይለኛል። ሐኪሟ "አእምሮው ያለ ክኒኑ መደሰት ረስቷል፤ ቀስ ብሎ ያስታውሳል" ብላለች።

እና ላውንደሪዬ ውስጥ ሥራ አስገባሁት። ሠራተኞቹ "ረጅሙ" ይሉታል፤ ላይኛው ማንጠልጠያ ላይ የሚደርሰው እሱ ብቻ ነው። ካውያ የምትይዘዋን ሴትዮ አስታወስሻት? እመት ካውያ የምንላት? እጁን አጣምሮ ቆሞ ብታየው "አንተ ረጅሙ፣ ወይ ሥራ ወይ ልብስ እናስጣብህ!" አለችው። ሳቀ እትዬ! ያቺ የጎን ጥርሱ እስክትታይ ሳቀ።

ከሰዓት በኋላ አንሶላ አብረን እናጥፋለን። እሱ በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ፣ ወጥረን እናራግፍና ተራምደን እንገናኛለን። ሁልጊዜ ስንገናኝ አንድ ነገር ይነግረኛል፤ ከዚያ ሌላ አንሶላ እናነሳለን። አንዳንዴ ወሬው እንዳያልቅብኝ የታጠፈውን ፈትቼ እንደገና አምጥቼለታለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ነጯ ማን ናት? በእንቅልፉ ይጠራታል። "ነጯ... ነጯ የት አለች?" ይላል። ሲነቃ ብጠይቀው ፊቱ ልውጥውጥ አለ። ፍቅር ነው እንግዲህ አልኩ። ቆንጆ ናት? ቤተሰቧን ታውቂያቸዋለሽ? እንዲህ እየናፈቃት ለምን አትጠይቀውም?

ታናሽሽ
ሚጡ


ኅዳር 12
(ሳይላክ የቀረ)

ሚጡ፣

ነጯ ሴት አይደለችም። ክኒን ናት። የባሌ የሕመም ማስታገሻ ነበረች። ስሟ ረጅም ስለሆነ ማናችንም መጥራት አልቻልንም። "እስቲ ያቺን ነጯን ጥሪልኝ" ብሎ የጀመረው እሱ ነው፣ ሊያስቀኝ። አስቆኝም ነበር። ኋላ ቀልዱ አለቀና እሷ ቀረች።

ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ የሚያየው ሰዓቱን ሆነ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ሰዓቱን ነበር የሚያየው። ነጯ እስክትመጣ ይቁነጠነጣል፤ ስትመጣ ፊቱ ይፈታል፣ ፈገግ ይላል፣ ይተኛል። ያ ፈገግታ የኔ አልነበረም። የኔ በመካከል ያለችው ጥቂት ጊዜ ነበረች፤ ነጯ ልትለቀው ስትል፣ ሕመሙ ገና ሳይበረታ። ስሜን የሚጠራው፣ ስለ ጣራው ማፍሰስ የሚያወራኝ፣ ባሌ የሚሆነው ያኔ ብቻ ነበር። ጣውንት ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ሰው በክኒን ይቀናል ወይ ብትይኝ፣ ይቀናል። ስሰጠው እጄ እየተቃጠለ ነበር።

እኔ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ የልብስ ቅድ እየሣልኩ ንባብ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አልጥልም። ካርቶኗ ውስጥ ያለችውን ወረቀትም አንብቤያታለሁ። "ልማድ ሊያሲዝ ይችላል" ትላለች። ለሚሞት ሰው ልማድ ምን ሊያደርገው ነው ብዬ አጥፌ መለስኳት። ቤቱ ውስጥ የማይሞት ሰው እንዳለ ረስቼ።

አሁን ልጄ አንቺ ቤት ተኝቶ እሷን ይጠራል። አንድ ጊዜ እንኳ "እማዬ" ብሏል ብለሽ አልጻፍሽልኝም። ይህን ብልክልሽ ቀጥሎ የምትጠይቂኝ ይታወቀኛል። ከአባቱ እጅ ወደ ልጁ እጅ እንዴት


ኅዳር 12

ለሚጡ፣

እንዴት ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ።

ነጯን አውቃታለሁ። ቤታችን ትገባ ትወጣ ነበር። ጥሩ ናት ልልሽ አልችልም። ለልጁም ለሌላውም አልበጀችም። ባታነሺበት ይሻላል፤ እኔም ከዚህ በላይ ባላወራ ደስ ይለኛል።

ይልቅ ሌላ ነገር ልበልሽ። "እግሩን ጉያዬ ውስጥ ይዤ አደርኩ" ብለሽ ጽፈሽልኛል። ለምን ጻፍሽልኝ? እዚህ ሳለ እንደዚያ ሲያደርገው በሩን ይቆልፍብኝ ነበር። ደጃፉ ላይ ወንበር አስቀምጬ ሲራገጥ እሰማ ነበር። አንኳኳለሁ፣ "ተይኝ" ይለኛል። ላንቺ ግን እግሩን ሰጠሽ። ምን ብለሽው ነው? ምን አለሽ አንቺ እኔ የሌለኝ?

ደግሞ ስለ ጎን ጥርሱ ትነግሪኛለሽ። ሲበቅል ያየሁትን ጥርስ!

አንሶላ ማጠፍ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ቁመቱ ስለማይደርስ ወንበር ላይ ቆሞ ጫፉን ይይዝልኝ ነበር። ያኔም ያወራኝ ነበር። ይህንንም እወቂው።

ረጅሙ የሚባለውን ስም አልወደድኩትም።

ሁለት ሸሚዝ ሰፍቼ ልኬያለሁ። አንገቱን በልቤ ነው የለካሁት፤ ጠብቦት ከሆነ ወፍሯል ማለት ነውና ንገሪኝ። ወፍሮ ከሆነም አትንገሪኝ።

መቼ ትመልሽልኛለሽ? ክፍሉን ቀለም አስቀብቻለሁ። ፍራሹን ለውጫለሁ። የሚወደው ሁሉ ቤት ውስጥ አለ፣ ምንም አልጎደለም። እንዲህ ብላሃለች በይልኝ።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 20

እትዬ፣

እንዴት ነሽ? ሸሚዞቹ ልክክ አሉ። አንገቱ ትንሽ ያዝ አደረገው፣ አትቀየሚኝ።

ተቆጥተሽ መጻፍሽ ገብቶኛል፤ ቂም አልያዝኩም። ልጅሽ እየዳነ ነው። ይበላል። ሰሞኑን "ይሄ ሳሙና ይሸተኛል፣ ጥሩ ነው" ብሎ ሲነግረኝ እመት ካውያ "ሳሙና ሸተተኝ ብሎ የሚደሰት ሰው ዛሬ አየሁ" አለች። እሷ ምን ታውቃለች! እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ነጯን አታንሺበት ብለሽኝ ነበር፤ አላነሳሁም። ራሱ አነሳት። አንሶላ ይዘን ሳለ ቀጥ ብሎ ቆመና "አክስቴ፣ እሷ ስትኖር ምንም አያመኝም። ስትሄድ ያላመመኝም ያመኛል" አለኝ። "ሌላ ሰው ሳቅፍ እንኳ ስለ እሷ ነው የማስበው" አለኝ። እትዬ ሙች፣ እንዲህ የሚለኝ ወንድ ባገኝ ኖሮ የሰው ካልሲ ሳጥብ እኖር ነበር? እመት ካውያ ከወዲያ ስትሰማ ካውያውን ረስታ አንድ የትራስ ልብስ አቃጠለች። ካቃጠለችም በኋላ "ይቃጠል! ለፍቅር ነው!" አለች።

አሁን ልጅቷ እዚህ ከተማ ዘመድ ጋ መጥታለች ይላል። መናኸሪያው አካባቢ ነው ቤታቸው። እሑድ ሄጄ ልያት፣ ከሰዓት እመለሳለሁ ብሎ ለመነኝ። እዚህ ከመጣ ጀምሮ ብቻውን ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ግን እስከ መቼ እየጠበቅነው እንኖራለን? የሚወድደው ሰው ያለው ሰው ለመዳን ምክንያት አለው።

አንቺ እንዳልወደድሻት ከደብዳቤሽ ገብቶኛል። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ የልጅሽን ልብ የያዘች ሁሉ ላንቺ ጥሩ አትሆንም። አሁንም እናቱ አንቺ ነሽና ያላንቺ ፈቃድ አልልከውም። አይሆንም የምትዪ ከሆነ በዓርቡ ሹፌር ላኪልኝ። አንድ መስመር ይበቃኛል፣ ምክንያቱንም አልጠይቅሽም።

ታናሽሽ
ሚጡ


ታኅሣሥ 23

ሚጡ፣

ፈቃዴን ጠየቅሽኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስሙን ስትለውጪ አልጠየቅሽኝም። እግሩን ስታቅፊ አልጠየቅሽኝም። አሁን ሁሉን ነገር ላንቺ ካወራ በኋላ፣ እኔ ከመቶ አንዱን ያልሰማሁትን በአንሶላ ጫፍ ከሰማሽ በኋላ፣ የኔ ፈቃድ ምን ያደርግልሻል?

አይሆንም ብል ምን እንደምባል ጽፈሽልኛል። በልጇ የምትቀና እናት። ስለዚህ አይሆንም አልልም። ልቡን እንዲህ ጠንቅቀሽ የምታውቂ አንቺ ነሽ። ይሂድ ካልሽ ይሂድ። ሸሚዙን ተኩሽለት፤ አንገትጌው ቶሎ ይጨማደዳል።

ከዚህ በታች አንድ መስመር ልጨምርልሽ ብዬ ብዕሬን አንስቼ ነበር። ሹፌሩ ደጅ ሆኖ ጡሩምባ ይነፋል፤ መቸኮሉ ነው።

እትዬሽ


ታኅሣሥ 28

እትዬ፣

በስልክ "ወድቋል፣ ሐኪም ቤት ነን" ብቻ ብዬ የዘጋሁብሽ ሌላ ብናገር ስለምሰድብሽ ነው። አሁን የምጽፈው ከኮሪደሩ ነው። ጉልበቴ ላይ የማንን ጋዜጣ እንደዘረጋሁ እንኳ አላውቅም።

ይተነፍሳል። ይህን ቀድሜ ልንገርሽ። በራሱ ይተነፍሳል።

ሲያመጡት ሐኪሟ "ምንድን ነው የወሰደው?" አለችኝ። "ምንም አልወሰደም፣ ፍቅረኛውን ሊያይ ወጥቶ ነው" አልኳት። "ማን ትባላለች?" አለችኝ። "ነጯ" አልኳት። እትዬ፣ ሐኪሟ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ክንዴን ያዘችኝ። "እናት፣ ነጯ ክኒኗ ናት። የለመዷት ሁሉ እንዲህ በስም ይጠሯታል" አለችኝ። ያን ጊዜ የገባኝ እሷ ብቻ አልነበረችም፤ ደብዳቤሽ ገባኝ። "ቤታችን ትገባ ትወጣ ነበር።" "ለልጁም ለሌላውም አልበጀችም።" ታውቂ ነበር። እኔ እንደ ጅል ስለ ምራት ሳወራ እያነበብሽ ታውቂ ነበር።

መናኸሪያው መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው የተገኘው። የምታጸዳዋ ሴት በሩ አልከፈት ሲላት ከላይ አይታው ጮኸች። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ለወራት የተወ ሰው ሰውነቱ ክኒኑን መቻል ይረሳል። እሱ ደግሞ የወሰደው የድሮውን ያህል ነው። ጭንቅላቱ ያስታውሳል፣ ሳንባው ረስቷል።

ሸሚዙን እኔ ነኝ የተኮስኩለት። አንገትጌውን እንዳልሽው ደጋግሜ። ሽቶም ረጨሁበት። እመት ካውያ ለልጅቷ ይሁን ብላ አበባ ገዝታ እጁ ላይ አስያዘችው። በር ላይ ቆመን እጃችንን እያውለበለብን ወደ እሷ ላክነው።

አንድ መስመር ነበር የጠየቅሁሽ።

ሚጡ


ጥር 9

እትዬ፣

ደብዳቤዎችሽ ሁሉ ደርሰውኛል። በየቀኑ ለምትጠይቂኝ አንድ ጥያቄ ነው ዛሬ የምመልሰው።

አትምጪ።

እኔ አይደለሁም ያልኩት። እኔማ እንኳን ልከለክልሽ፣ መጥተሽ ፊት ለፊት ብንጨቃጨቅ ይቀለኛል። እሱ ነው። ሻንጣሽን አዘጋጅተሽ እንደተቀመጥሽ ነገርኩት። "እማዬን ካየሁ ቆርቆሮዋን አያለሁ" አለኝ። የምን ቆርቆሮ አልኩት። ነገረኝ።

እሱ እንዳለው ልጻፍልሽ፤ የኔ ቃል ቢገባበት አይታመንም። "እማዬ የአባዬን ክኒን ለሁለት ትሰብር ነበር። ግማሹን ትሰጠዋለች፣ ግማሹን የሸሚዝ ቁልፍ የምታስቀምጥባት ቆርቆሮ ውስጥ ትጥላለች። ከበሩ ስንጥቅ አይ ነበር። አባዬ ያቃስት ነበር፤ ግን ያወራን ነበር። እኔም ዝም ያልኩት ደስ ስላለኝ ነው። አባቴ የሚሆነው ሲያመው ብቻ ነበር።" ከዚያ አባቱ ሲሞት ከቆርቆሮዋ ማንሳት ጀመረ። "እንደሚጎድል እማዬ ታውቅ ነበር። ቁልፍ ለመፈለግ በየቀኑ ትከፍታታለች። እሷም ዝም አለች፣ እኔም ዝም አልኩ፤ እንዲህ ተቻችለን ኖርን" አለኝ። ጓደኞቹ የመጡት ቆርቆሮዋ ባዶ ከሆነች በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ዘመን ደብቆልሽ ነው። በሐኪም ፊትም፣ በኔ ፊትም። "እማዬን ሰው እንዳይጠላት" አለኝ። አይተሽ እንደሆነ እንጃ፣ የቀናሽበት ሁሉ ላንቺ ሲል ያደረገው ነበር።

እኔ ልፈርድብሽ አልችልም፤ ተናድጃለሁ፣ ገና እናደዳለሁም። ግን እኔም ልንገርሽ። እኔም በነገርሽ ሁሉ ቀንቼብሻለሁ። ስታገቢ፣ ስትወልጂ፣ ባልሽ ሲሞት እንኳ የምታለቅሺለት ስላለሽ። ልጃችን ብዬ የጻፍኩት እጄ ስቶ አልነበረም። እንደ ሹራቡ ለብሼው ልቀር ፈልጌ ነበር።

ሐኪሟ እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምራለን ብላለች። እንደገና ያዛጋል፣ እንደገና ይራገጣል። እመት ካውያ "ያንን አበባ የት ጣለው?" ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም አላውቅም።

ራሱ ጽፎልሻል። አጥፌ እዚህ ውስጥ ከትቼዋለሁ። አላነበብኩትም።

ሚጡ


ጥር 14

ይድረስ ለልጃችን፣

እንደምን ነህ? ትንፋሽህ እንዴት ነው? ደረትህን ያምሃል ወይስ አልፎልሃል? እኔ ደህና ነኝ። ሻንጣዬን ፈትቼ ልብሶቼን ቁም ሣጥኑ ውስጥ መልሻቸዋለሁ፤ ስለዚህ አትስጋ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ ሐኪሟ ጽፈሃል፣ ስለ አልጋው ጩኸት ጽፈሃል፣ ከጎንህ ስለተኛው አሽከርካሪ ማንኮራፋት ጽፈህ አስቀኸኛል። ሰላምታህ ብዙ ነው፤ ጥያቄህ ግን አንድ ናት፣ መጨረሻ ላይ፣ በትንሽ ፊደል። ያቺን ልመልስልህ።

አዎ፣ አንተ ከሄድክም በኋላ ነጯ ቤት ውስጥ ነበረች። ቆርቆሮዋን ጨርሰሃት ነበር፤ እኔ ግን ከእሷ ቀንሼ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ የቋጠርኩት ነበረኝ። አንተ ሳታውቅ። ለምን አስቀመጥሽው ብለህ አልጠየቅኸኝም። ለኔ ባትመጣ ለእሷ ትመጣለህ ብዬ ነው። ለአክስትህ "የሚወደው ሁሉ ቤት ውስጥ አለ" ብዬ ስጽፍ እሷ ምግብ መስሏታል። ይህንን ከኔ ስማው፣ ከሌላ ሰው አትስማው። አባትህን ከነጯ ልነጥቅ ብዬ አሳመምኩት። አንተን ደግሞ በእሷ ልይዝህ ፈለግሁ። ሁልጊዜ እሷን ስጠላ የኖርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አብረን ነበር የምንሠራው።

ትናንት ቋጠሮውን ይዤ መድኃኒት ቤት ሄድኩ። ያቺ መነጽር የምታደርገው ልጅ ናት የተቀበለችኝ። ፈታ አየችውና "የማን ነው እማማ?" አለችኝ። "የጣውንቴ" አልኳት። "በዚህ ዕድሜዎ?" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ፊቴን አይታ መሳቅ ተወች። እያየኋት በአንድ ዕቃ ውስጥ ገለበጠችው፣ ውሃና አንድ ዱቄት ጨመረችበት፣ በማንኪያ አማሰለችው። ነጯ እንደ ኖራ ሆነች። ጨርቄን መለሰችልኝ። ስመለስ ሰው ቀብሬ የምመለስ መሰለኝ። ደስ አለኝ ብዬ እንዳልዋሽህ።

ቆርቆሮዋን አጥቤያታለሁ። ቁልፎቹን መልሼ ሞልቼባታለሁ። ስትነቀነቅ ድሮ እንደምታውቃት ትንኳኳለች።

እዚያው ቆይ። እስኪበቃህ ቆይ፣ ከበቃህ በኋላም ከፈለግህ ቆይ። አክስትህ አንሶላ ብቻዋን ማጠፍ አትችልም፤ ክንዷ አጭር ነው፣ ከልጅነቷም ጫፉ መሬት እየነካባት ስንጣላ ነው ያደግነው። እግርህ ሲራገጥ ስጣት፤ ትያዝልህ። ይህን ስጽፍ አልቀናሁም ብልህ አታምነኝም። ቀንቻለሁ። አሁንም ይቃጠልብኛል። ግን ትያዝልህ።

ልብስ ከላክሁልህ አንገቱን አስፍቼ ነው የምልክልህ።

ደጁ እንደ ድሮው አይቆለፍም። ቤት ውስጥ ግን ነጯ የለችም። እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት። ከእንግዲህ ብትመጣ የምትመጣው ለኔ ነው።

ላትመጣም ትችላለህ።

እናትህ